ወይባ የመሰለው ክር

አባቴ ዳንግላ ውስጥ ሸማኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ በምማርበት ጊዜ ግን ሥራውን እርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር። ምክንያቱ ሰማያዊ ቀለም ነው። ከገበያ በገዛው ሰማያዊ ክር የጣለው ጥለት ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ዋለ፤ ገና መጀመሪያ ሲታጠብ ለቀቀና ነጩን ሁሉ አዥጎረጎረው። የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ደጃችን ድረስ አምጥታ ጎረቤት እያየ ዘረጋችው። አባቴ ሌላ ሠርቶ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ግን «እጄ ሰው አሳፈረ» ብሎ ቁጭ አለ።

ለክረምት ዕረፍት ስመጣ እንደዚያ ተቀምጦ ማየት አንጀቴን አሳረረኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ኢንዲጎ ተምሬ ነበር። ከቅጠል የሚገኝ ሰማያዊ ቀለም ሲሆን በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ ክር ውስጥ አንዴ ከገባ ውሃ አጥቦ አያወጣውም። ችግሩ ማስገባቱ ነው። በአመድ ውሃ ሲብላላ አየር ካላገኘ ሰማያዊነቱ ይጠፋና ይሟሟል፣ ክሩም ይጠጣዋል። አየር ሲነካው መልሶ ሰማያዊ ይሆናል።

ይህ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ እኛ አገር ወንዝ ዳር ሞልቷል። ገበሬዎቹ በአውኝኛ ስሙ ይጠሩታል እንጂ ለቀለም የሚፈልገው አልነበረም። ቅጠሉን ጋን ውስጥ ዘፈዘፍኩና እንዲብላላ የአመድ ውሃና ፍሩሽካ ጨምሬ ምድጃው አጠገብ ከደንኩት። በሳምንቱ ሽታው እናቴን ከማድቤት አስወጣት።

ነጭ ክር ነክሬ ሳወጣው አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ክሩ አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ነው።

«ሰማያዊ ብለሽ ወይባ አመጣሽልኝ? ልታመነኩሺኝ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አባባ፣ ትንሽ ታገሥ» አልኩት።

ክሩ አየር ሲነካው ከዳር ጀምሮ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። አባቴ አማተበ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሳጥበው ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ፊቱ ሲጨልም አየሁና ላዩ ላይ የቀረው ትርፉ ነው ብዬ ደጋግሜ አጠብኩት። ውሃው ጠራ፤ እሱ ግን የታጠበ ነገር ማመን ትቷል።

ከክሩ ገመደና አንገቱ ላይ አሰረው፤ አሮጌ ማተቡን የፈታው አዲሱን ካሰረ በኋላ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለበሰ።

«ይሄ ማተቤ ነው። ሸሚዜን ካበላሸው ያንቺም የእኔም ነገር አለቀ» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ በዝናብም በላብም በዚያው ሸሚዝ ዋለ። እሁድ ከቅዳሴ ተመልሶ ሸሚዙን አወለቀ፣ ወደ በሩ ብርሃን አወጣና አንገትጌውን በጣቱ ገልብጦ አየው። ከእድፍ በቀር ምንም የለበትም።

«ቅጠሉ ያለበትን አሳዪኝ፤ ይሄ ክር ለአንድ ጥለት እንኳ አይበቃም» አለኝ።

አለቀስኩ። እሱም ያላየ መስሎ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።