በረብሻው ያሳበብኩት የራሴ ጥፋት

ዛሬ የሰበታ ቅርንጫፋችን የራጅ ባለሙያ ኦቦ ገመቹ፣ የአንዲት ታካሚ ራጅ በፍላሽ ይዘው ቢሮዬ ገቡ። በሰሞኑ ረብሻ መንገዱ ስለተዘጋ፣ ከሰበታ እኔ እስካለሁበት ዓለም ገና በእግራቸው ነው የመጡት።

እኔ የክሊኒኩ አይቲ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ «ፋይሉ አልሄድ አለኝ» ብለው ሲደውሉ፣ «ኦቦ፣ በረብሻው ኔትወርክ ተቆርጦ ነው» እላቸው ነበር።

በዚህ ሰሞን ወጥ ቢያር እንኳ በረብሻው ነው የሚሳበበው።

አቧራቸውን ሲያራግፉ አይቼ አፈርኩና ሲስተሙን ፈተሽኩ። ኔትወርኩ ደህና ነው!

ከሦስት ቀን በፊት፣ በቅርንጫፎቻችን መካከል ፋይል የሚላላኩት ሰርቨሮች አንዴ የከፈቱትን ኮኔክሽን ሠላሳ ደቂቃ አቆይተው ደግመው እንዲጠቀሙበት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ራውተሩ ደግሞ ሥራ የፈታ መስመር በአምስት ደቂቃ ይዘጋል። ሲስተሙ የሞተ መስመር ይዞ ሲጠብቅ ይውላል።

ራውተሩ ሳይዘጋው እንዲቀድም ሠላሳውን ደቂቃ አራት አደረግኩት። የሦስት ቀን ራጅ ተከታትሎ ገባ።

«ኔትወርክ መጣ እንዴ?» አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

«አዎ፣ መጣ» አልኳቸው።

«ገለቶሚ ልጄ፣ ተባረክ» ብለውኝ ወጡ።

እናንተስ በረብሻው ያሳበባችሁት የራሳችሁ ጥፋት የለም? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ይህን ስጽፍ እሳቸው ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በእግራቸው እየተመለሱ ነው።