እማዬ ያልተነሳችው ፎቶ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሕፃኗን ክርስትና አስነሳች። እንግዳው ሁሉ ሕፃኗን በየስልኩ ፎቶ ሲያነሳ አክስታችን እትዬ ዘነበች አዩና፣ «ያቺ ምስኪን እህቴ ግን አንድ ደህና ፎቶ ሳይኖራት ቀረች። ይቺ ናት የከለከለቻት» ብለው በአገጫቸው ጠቆሙኝ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ሰሐኔ ላይ አቀረቀርኩ። አርባ ዓመት ዝም ብያለሁ።

እውነት ነው፣ ከልክያለሁ። እንዴት እንደከለከልኩ ግን እሳቸው ተናግረው አያውቁም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እማዬ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ እየሸጠች እኔንና ትንሿን እህቴን ታሳድግ ነበር። የዚያን ዓመት ከሁዳዴ ጀምሮ እህል አልረጋላት አለ። ሐኪም ቤት የወሰዷት ታናሽ እህቷ እትዬ ዘነበች ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ስጠብቅ ከሐኪሙ ክፍል ብቻቸውን ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምን አሉ?»

«ጨጓራ ነው። በርበሬ እንዳታስነኪያት።»

በዚያው ሳምንት ለጎረቤቱ ሁሉ እውነቱን በጆሮ በጆሮ አዳረሱት። ባለፍኩ ቁጥር ሰው ከንፈር ይመጥልኛል። ለእኔ የተነገረኝ ግን ጨጓራ ነው፤ እኔም ጨጓራን አጥብቄ ያዝኩ። በርበሬውን ደበቅሁ። ፋሲካ አልፎ እማዬ፣ «እስቲ ትንሽ ድልህ አቅምሽኝ፣ አፌ መሮኛል» ብላ ስትለምነኝ፣ «ይብስብሻል!» ብዬ እጮህባት ነበር። ሁለት ማንኪያ አጥሚት ከቀመሰች ለጎረቤት «ዛሬ በደንብ በላች» እላለሁ። ቀሚሷ ሲሰፋት፣ አጠባው ነው ያሰፋው አልኩ።

ሰኔ እንደገባ አንድ ቅዳሜ፣ ጥልፍ ቀሚሷን አልጋው ላይ ዘርግታ አገኘኋት።

«ሰንጋ ተራ ፎቶ ቤት ውሰጅኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ከእናንተ ጋር ልነሳ። ፎቶ መነሳት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። በሰፈራችን ለቅሶ አይቻለሁ፤ የሟቹን ፎቶ በፍሬም አድርገው እየተቀባበሉ ደረታቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ።

«ስትወፍሪ እንነሳለን» አልኳት።

«ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ…»

«አትጨርሺው! ጨጓራ ሰው አይገድልም!»

አየችኝና፣ «እሺ፣ የኔ ዶክተር» ብላ ሳቀች። ቀሚሱንም መልሳ አጠፈችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናቡን አሳበብኩ። በሦስተኛው ጫማዋን ደበቅሁት። ያን ቀን እትዬ ዘነበች ቤታችን ነበሩ። እማዬ ለባብሳ በባዶ እግሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ዘነቡ፣ እንግዲያው አንቺ ውሰጅኝ» አለቻቸው።

«ተይ እታለም፣ ልጅቷን አታስከፊያት። ስትድኚ ትነሻለሽ» አሏት።

ይህን ያሉት እንደማትድን ከሐኪሙ አፍ የሰሙት ሴትዮ ናቸው። የእሳቸውን ጫማ ማንም አልደበቀባቸውም። ተነስተው ታክሲ መጥራት ይችሉ ነበር።

ሐምሌ ሳይጋመስ እማዬ ሞተች። ድንኳኑ ውስጥ «ፎቶዋስ?» ሲባል ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ጉርድ ፎቶዋን ልጠው አመጡ። ማኅተሙ አንድ ዓይኗን ሸፍኖታል። እትዬ ዘነበች ያቺን ቁራጭ ከፍ አድርገው ይዘው፣ «ልጇ ከለከለቻት! ፎቶ አማረኝ እንዳለች ሄደች!» እያሉ አለቀሱ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ።

ባለፈው እሑድ ክርስትናው ላይ መልሱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋሽተውኝ ሲያበቁ በውሸቱ መልሰው ከሰሱኝ ልላቸው ነበር። የተውኩት አዝኜላቸው አይደለም። «አንቺስ አላወቅሽም ነበር?» ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። አውቅ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ዓይናቸውን ሳይ ነው ያወቅሁት።

እንዳትነሳ የከለከልኳት ያ የከሳ ፊት ፎቶ ላይ ታትሞ እንዳይቀር ብዬ ነበር። አሁን እማዬን ለማስታወስ ዓይኔን ስጨፍን ጉንጯ ሞልቶ የነበረበት ጊዜ ጨርሶ አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ የከሳው ነው።