በአዲስ ገመድ የመጣው በሬ

እኛ ቤት ገመድ የለም። ልብስ አጥቤ የማሰጣው ቁጥቋጦ ላይ ነው፤ እሾህ እየቀደደው። በጋችንን እንኳ ማሰሪያ ስለሌለኝ በድንጋይ አጥሬ ነው የማሳድራት። ይማርሽ የምትባለው ጎረቤቴ "ስሜነሽ፣ አንቺ ምን ነካሽ፣ አንድ ክንድ ገመድ ታጫለሽ?" ትለኛለች። አጥቼ መስሏታል! ባሌ ወርቅአገኘሁ ገመድ ካየ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ በዚያ ቀን እህል ከአፉ አይገባም። እኔም ተውኩት። ምን ላድርግ፣ ባል ነው፣ አይጣል።

ወርቅአገኘሁ የላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ቀራጭ ነበር። ከብት ተራው መግቢያ ኬላ ላይ ነው የሚቆመው። ቀረጥ ደግሞ ዝም ብሎ አምጣ አምጣ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ሕግ አለው። ለበሬ ኮን ገበያ የሚከፈለው ሌላ፣ ጋሸና ገበያ ሌላ፣ የኛው ሌላ። ጋሸና የከፈለ ሰው ደረሰኙን ይዞ እኛ ጋ ቢመጣ አይሠራለትም፤ ስንቱ በዚህ ተጨቃጭቆ ሄደ! ገበሬ የራሱን ከብት ይዞ ሲገባ ምንም አይከፍልም። ሲሸጥ ይከፍላል፤ ካልተሸጠለት በነጻ ይመለሳል። መንገድ ላይ ተገዝቶ የመጣ ከብት ግን ገና ሳይገባ እጥፍ ይከፈልበታል። አልከፍልም፣ የራሴ ነው ያለ፣ ከገበሬ ማኅበሩ ምስክር እስኪያመጣ ከብቱ በረት ይገባበታል።

ነጋዴ ደግሞ መች ሞኝ ነው! መንገድ ላይ በርካሽ ይገዛና ለአንዲት ምስኪን ያስይዛታል፤ እሷም "የኔ ነው" ትላለች። ወርቅአገኘሁ ታዲያ ዘዴ ነበረው፤ ገመዱን ያያል። በኛ አገር ከብቱን የሸጠ ሰው ገመዱን አይሰጥም፤ ገመዱ ከሄደ የቤቱ ረድኤት አብሮ ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ የባለቤቱ ከብት በአሮጌው የቆዳ ጠፍር ይሳባል፣ የተሸጠው ግን ገዢው ባመጣው አዲስ ገመድ። "ገመዱ አዲስ ከሆነ ተሸጧል" ይል ነበር እየሳቀ። ስንቱን አጭበርባሪ ያዘበት። እኔም እኮራበት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

በሰባ ሰባት፣ ያ ክፉ ቀን፣ ከብልባላ አንዲት ሴት በሬ እየሳበች መጣች። ደብሪቱ ትባላለች። ለወርቅአገኘሁ ምሳ ይዤለት ሄጄ እዚያው ቆሜ ነበር። የበሬው አጥንት ይቆጠራል፤ እሷም ከበሬው አትሻልም። የታሰረበት ገመድ ከነጠላ ተቀዶ የተገመደ ጨርቅ ነበር፤ ነጭ፣ ገና ያላደፈ።

"ከማን ተቀበልሽው?" አላት ወርቅአገኘሁ ገመዱን አይቶ።

"የኔው ነው፣ ጌታዬ። ሸጬ ዛሬውኑ እህል ይዤ ልመለስ። ልጆቼ መነሳት አቅቷቸው ተኝተዋል።"

"የዱሮ ጠፍሩስ የት አለ?"

የተቀደደች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታይ ጀመር።

"ጠፍሩ የት ሄደ ነው የምልሽ! የላከሽ ነጋዴ ማነው?"

እሱም ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረውና በሬውን በረት አስገባው። "ምስክር ይዘሽ ነይ" አላት። "ስለ መድኃኔ ዓለም" ብላ አንድ ጊዜ ለመነችው፣ ከዚያ ወደ መጣችበት ዞረች። ብልባላ ደርሶ መመለስ ለጠገበ ሰው እንኳ ቀላል አይደለም። "ብታስገባትስ፣ አንተ ሰውዬ?" አልኩት። "ሕግ ነው፣ ስሜነሽ" አለኝ።

በሬው ግን ዝም አላለም። ገለባ ወረወርንለት፣ አልነካም አለ። ፊቱን ወደ ብልባላ አዙሮ እምቧ ይላል፤ ጩኸቱ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ያ በሬ ሞቶ ቆዳው ከተገፈፈ ቆየ። ዛሬም ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ ወርቅአገኘሁ ቀና ብሎ "ሰማሽ?" ይለኛል። "ምኑን?" እለዋለሁ። እሰማለሁ እኮ! ፈርቼ ነው እንጂ እሰማለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባ ወልደ ኪዳን የሚባሉ የብልባላ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው መጡ። ደብሪቱ አብራቸው የለችም።

"በሬው የደብሪቱ ነው፤ ምስክሯ እኔ ነኝ" አሉ።

ወርቅአገኘሁ ከመቀመጫው ተነሳላቸው። "አባቴ፣ የራሷ ከሆነ ጠፍሩ የት እንዳለ ስጠይቃት ለምን ዝም አለች?"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። "በሉታ፣ ልጄ።"

"ምኑን?"

"ጠፍሩን። ቀቅላ ለልጆቿ አበላቻቸው፤ ሌላ ምን ነበራት? በሬውንማ ብታርደው አጥንቱ ስንት ቀን ያበላቸዋል፣ ሸጣ እህል ልታመጣ ነበር። የጨዋ ልጅ ናት። በገበያ መሐል፣ ሰው እየሰማት፣ ገመድ በላን ትበልህ?"

"ልጆቹስ?" አልኳቸው እኔ። አባ ወልደ ኪዳን አቀርቅረው በዘንጋቸው መሬት ይጭሩ ጀመር። እኔ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ወርቅአገኘሁ ኬላውን ጥሎ በሬውን በዚያው በጨርቅ ገመዱ ከበረት አወጣ። እኔ የቀረችንን ገብስ ተሸክሜ ተከተልኩት። ብልባላ ስንደርስ ደብሪቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ከቤቱ በስተጀርባ አፈሩ ገና ያልደረቀ መቃብር አለ፤ አጭር ነው፣ ጎኑ ደግሞ ከሱ የሚያጥር ሌላ። ወይኔ! አየሁና ዓይኔን መለስኩ።

ባሌ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ጫንቃው ላይ አደረገና እግሯ ሥር ተንበረከከ። "በደልኩሽ፤ ይቅር በይኝ። በሬሽን አምጥቻለሁ" አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። ብትራገም በወደድኩ። ተነሳችና የበሬውን ግንባር ዳሰሰች፤ ቋጠሮውን ቀስ ብላ ፈታች። የነጠላዋን ቅዳጅ እጇ ላይ ጠቀለለችው።

"በሬውን ውሰደው፣ ሸጬዋለሁ" አለችው። "ገመዱን ብቻ ልያዝ።"

ይማርህ ሳትለው ገብታ በሩን ዘጋች። ገብሱን ደጃፏ ላይ ትቼ፣ ድንጋዩን ከጫንቃው ያወረድኩለት እኔ ነኝ። ስንመለስ በሬው ያለ ገመድ ተከተለን።