የኮሶ አፋፍ ሚካኤል ዕድሜ

ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ገሳይ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ልጅ ያዘለች የገጠር ሴት መጥታ በእጇ የያዘችውን የመድኃኒት ብልቃጥ አጠገቤ ለተቀመጡ ነጭ ጋቢ ለለበሱ ሽማግሌ ዘረጋችላቸው።

«አባቴ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ። ነግረውኝ ነበር፤ ከወረፋው ጭንቀት ጠፋብኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ብልቃጡ ላይ በስክሪብቶ የተጻፈውን አነበቡላት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ማንኪያ፣ ከምግብ በኋላ። ሴትዮዋ ቃሉን ደግማ አለችላቸውና አመስግና ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

አንድ ደቂቃ አልቆየም፣ ሽማግሌው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ውይ! በፊት ነው! ከምግብ በፊት ነው የሚለው። ዓይኔ አይቶት አፌ ሌላ ተናገረ» አሉና ምርኩዛቸውን ጭኔ ላይ ጥለው ከመኪናው ኋላ ሮጡ። የጋቢያቸው አንዱ ጫፍ መሬት ይጎተታል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ፊሽካ ነፍቶ ባያስቆምላቸው ኖሮ አይደርሱበትም ነበር። በመስኮት በኩል ሴትዮዋን ሦስት ጊዜ «ከምግብ በፊት» አሰኟት።

«አባቴ፣ ለሽሮፕ ነው ይህን ያህል የሚሮጡት?» አለ የሚኒባሱ ረዳት እየሳቀ።

«የምትጠጣው አንተ ብትሆን ቀስ ብዬ እመጣ ነበር» አሉት።

እያለከለኩ ሲመለሱ ውኃ ሰጠኋቸው። የገሳይ መኪና ውስጥም ጎን ለጎን ደረሰን። ጭናቸው ላይ ካስቀመጡት ከረጢት በሲባጎ የታሰረ ወረቀት ብቅ ብሎ ነበርና የላይኛውን መስመር አነበብኩ። «ከኢየሩሳሌም እስከ ደጋው» ይላል።

ደነገጥኩ። ይህን መጽሐፍ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ይፋግ ገበያ ላይ፣ ከአሮጌ ደብተሮች መካከል አግኝቼ ገዝቼዋለሁ። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለ ነበር የጸሐፊውን ስም አላውቅም፤ ርእሱን ያወቅሁት በየገጹ ራስጌ ስላለ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ መሆኑን፣ ወንጌል ከነጋዴ ጋር በባሕርና በበረሓ ተጉዞ አክሱም እንዴት እንደ ደረሰ የተማርኩት ከዚያ ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ ነው። ለጻፈው ሰው ስሙን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ጸልዬለታለሁ።

«ይህን መጽሐፍ የጻፉት አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

ዘወር ብለው አዩኝና፣ «እንግዲያው ሦስት ጊዜ ተሳስተሻል» አሉኝ።

መምህር ሙላቴ ይባላሉ፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት ከገሳይ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬደው በጉና ተራራ ሥር፣ ኮሶ አፋፍ በሚባል አገር ነው። ዲቁና የተቀበሉትም እዚያው ሚካኤል ሲያገለግሉ ነው። ጥቂት ዓመት ጣራ ገዳም ተቀምጠው ተማሩ፤ ኋላም ወደ አስኳላ ተሻግረው ሠላሳ ስድስት ዓመት ታሪክ አስተማሩ። መጽሐፉን ስምንት ዓመት ለፍተውበት በ1989 ዓ.ም. ስድስት መቶ ቅጂ አሳተሙ። ባለቤታቸው እትዬ ሠናይት የጽሕፈት መኪና የሚያውቁ ሴት ነበሩና ሙሉውን የመቱላቸው እሳቸው ናቸው። ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። ሳያርፉ፣ «ያንን መጽሐፍ አድሰህ አሳትመው» ብለዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ መምህር ሙላቴ ሥራቸው ይኸው ሆነ። የተሳሳተ ስም ያቃናሉ፣ አዲስ የተገኘ ነገር ይጨምራሉ፣ ያልተረጋገጠውን ያወጣሉ።

«እኔ እንኳ አብልጬ የምወደው ዘጠነኛውን ምዕራፍ ነው» አልኳቸው።

«እሱ ነው የወደቀው።»

ዘጠነኛው ምዕራፍ፣ አባ ሰላማ ጳጳስ ሆነው ከመሾማቸው በፊት ወንጌል ወደ እኛ ደጋ ደርሶ ነበር ይላል። ማስረጃው በኮሶ አፋፍ ሚካኤል የብራና መጽሐፍ ዳር የተጻፈ ማስታወሻ ነው። «በ310 ዓመተ ምሕረት ይህችን ደብር ተከልን» ብሎ ይጀምራል። እኔም ያንን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ቀና ብዬ ጉናን እመለከት ነበር።

ነገሩ የታወቀው አምና ነው። መምህር ሙላቴ በሌላ ምዕራፍ ያሉትን የትንሣኤ ቀኖች ለማመሳከር ወደ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር፣ ወደ የኔታ ናትናኤል ሄዱ። የየኔታ ዓይን ደክሟል፤ ስለዚህ መምህር ሙላቴ ያንን ማስታወሻ ከደብተራቸው ላይ ጮኽ ብለው አነበቡላቸው። «ቄስ ክንፈ ሚካኤል ጠመንጃውን ሸጦ ደወል ገዛ» የሚለው ላይ ሲደርሱ የኔታ መሳቅ ጀመሩ።

«ይህ በማን ዘመን ነው አልከኝ?»

«አባ ሰላማ ከመሾማቸው በፊት።»

«ታዲያ ጠመንጃውን ከማን አገኘው? ከሮም ቄሣር?»

መምህር ሙላቴ ይህን ሲነግሩኝ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸው ቆመ።

«የጥንት ጸሐፍት ዓመት ሲቆጥሩ፣ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሲሞላ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። እኛ ሰዓቱ ዐሥራ ሁለት ሲሞላ ተመልሰን አንድ እንደምንለው። ባሕረ ሐሳብ የቆጠረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔም በልጅነቴ ቆጥሬዋለሁ። ያ ሦስት መቶ ዐሥር የመጀመሪያው ዙር ሳይሆን በ1340 ግድም የጀመረው ዙር ነው። ዛሬ በምንቆጥረው 1650 ግድም ነው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ዓመት ነው የሳትኩት!»

«ጠመንጃውን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?»

«መጽሐፉን ያሳዩኝ ለግማሽ ቀን ነበር። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየሁ ልቤ ዘለለ። የኔ ደብር! የኔ አገር! ከዚያ በኋላ ያለው የመሬት ነገር መስሎኝ ገለበጥኩት እንጂ ልብ ብዬ አላነበብኩትም። ሃያ ስምንት ዓመት ደብተሬ ውስጥ ተኛ።»

አዲሱ መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። እሳቸው ግን አስቀድሞ እርማቱን ለደብሩ ሕዝብ በአፋቸው መናገር አለብኝ ብለው ነው የሚሄዱት። የኮሶ አፋፍ ሰዎች መጽሐፉ በወጣ ዓመት በቅጥሩ በር ላይ «በ310 ዓ.ም. የተተከለች» የሚል ቆርቆሮ ሰቅለዋል። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ያ ምዕራፍ ይነበባል።

«ዲያቆን ሳለሁ ንባብ ስስት የኔታዬ 'በሰሙህ ፊት አርም' ይሉኝ ነበር» አሉኝ። «ግን ፈራሁ፣ ልጄ። ሠናይት ያረፈችው እዚያው ነው። የኔም ቦታ ከጎኗ ነው። ሰው ከቀብሩ ጎረቤቶች ጋር ተጣልቶ እንዴት ይሆናል?»

እኔም የምሄደው እዚያው ነበር፤ እኅቴ ፋሲካ ኮሶ አፋፍ ነው ያገባችው። ከገሳይ ወርደን አብረን በእግር ወጣን። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ ብርድ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ቀለም ይቀባል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር፣ የመምህር ሙላቴ አብሮ አደግ አቶ ዘውዱ ናቸው።

«ሙላቴ! እንኳን ደኅና መጣህ! ይኸው ቁጥርህን ለበዓሉ እያደስኩልህ ነው!»

ከ310 ሦስቱንና አንዱን ቀብተው ጨርሰዋል። ዜሮዋ እንደ ደበዘዘች ናት።

«ዘውዱ፣ እስቲ ውረድ።»

«ቆይ፣ ዜሮዋ ብቻ ቀርታኛለች።»

«ዜሮዋን ተዋት። ውረድ።»

ወረዱ። መምህር ሙላቴ እዚያው ቆመው ከጠመንጃው ጀምረው ነገሯቸው። አቶ ዘውዱ ብሩሹን እንደያዙ ሰሙ፤ ቀለሙ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«አንተ ሰው፣ በስተርጅና ቤተ ክርስቲያን ማፍረስ ጀመርክ?»

«ዕድሜ ነው ያወረድኩት፣ ጣሪያ አላወረድኩም።»

«የወንዝ ማዶ ማርያም ሰዎች ምን ይሉናል? ባለፈው ዓመት ለቅሶ ላይ ሳይቀር እኮ ኮርተንባቸዋል! እንግዲህ እኛ ከእነሱ ልናንስ ነው?»

«ልናንስ እንችላለን።»

«እንዲያውስ ማን ጠየቀህ? ዝም ብትል ማን ያውቃል?»

«የኔታ ናትናኤል ያውቃሉ። እኔም አወቅሁ። ሚካኤልም ከእኛ በፊት ያውቃል።»

አቶ ዘውዱ ቀለሙን መሬት አስቀምጠው፣ «እንግዲህ ይህን ነገር ከተናገርክ ነገ እኔ አጠገብህ አልቆምም» አሉ። ጭቅጭቁን ሰምተው የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ገብረመድኅን ከውስጥ ወጡ። ሁለቱንም አዳመጡ። ቆርቆሮውን ቀና ብለው አዩት።

«መምህር፣ ነገ ታቦቱ ከገባ በኋላ ይናገራሉ። በልማዳችን ያንን ምዕራፍ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት፤ የሚያርሙትም እርስዎ ይሁኑ። መልአኩን በሌለው ዕድሜ አናከብረውም» አሉ።

በማግስቱ በዓሉ ደመቀ። ታቦቱ ሦስት ጊዜ ዞሮ በእልልታ ገባ። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ሲቀመጥ መምህር ሙላቴ ደብተራቸውን ይዘው ቆሙ። «ሃያ ስምንት ዓመት ያሳትኳችሁ እኔ ነኝ» ብለው ጀመሩ። የቁጥሩን ነገር አስረዱ። ጉርምርምታ ተነሣ፤ ከኋላ አንዱ «ታዲያ ስንት ዓመታችን ሆነ?» ብሎ ጮኸ። «ሦስት መቶ ስልሳ ግድም» ሲሉ ጉርምርምታው ባሰ። አቶ ዘውዱ ከአንድ ጽድ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«አሁን ማስታወሻውን እስከ መጨረሻው አንብቤላችሁ እቀመጣለሁ» አሉ መምህር ሙላቴ። «ይህን አንድም ቀን አላነበብኩላችሁም።» ከዚያም አነበቡ። «በ310 ዓመተ ምሕረት ይህችን ደብር ተከልን። ቄስ ክንፈ ሚካኤል ጠመንጃውን ሸጦ ደወል ገዛ። ሚስቱ አመተማርያም ከአባቷ የወረሰችውን፣ ከውኃው በላይ ያለውን እርሻ ሰጠች። ረኀብ አሳዷቸው ለመጡ ሰባት ቤተሰቦችም ከቀረው ማሳዋ አካፈለቻቸው። ከእሷ በፊት እዚህ ደወል አልተሰማም።»

«የቷ አመተማርያም?» የሚል ድምፅ ከሴቶች መካከል ወጣ። የአቶ ዘውዱ ታላቅ እኅት እማሆይ ፈንታነሽ ናቸው። «ውኃችን?»

ሰዉ ሁሉ ቁልቁል ዞረ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለ። ስሙ አመተማርያም ነው። ኮሶ አፋፍ ያለ ሰው ሁሉ ሲወለድ የታጠበው፣ ሲደግስ የሚቀዳው ከእሱ ነው። እኅቴም በየቀኑ «አመተማርያም ደርሼ ልምጣ» እያለች እንስራ ትሸከማለች። ስሙ የማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

መምህር ሙላቴ ራሳቸው ደነገጡ። ተወልደው ያደጉበት ውኃ ነው፤ ማስታወሻውን በደብረ ታቦር ደጋግመው ሲያነቡ ስሙን ከምንጩ ጋር አላገናኙትም ነበር። ደብተሩን ዳግመኛ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ከውኃው በላይ ያለውን እርሻ» ብለው ለራሳቸው ደገሙ፤ ከዚያም ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበትን ጉብታ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ምንጩን አዩ።

እማሆይ ፈንታነሽ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «አንተ ዘውዱ! ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት አነሰኝ ነው የምትለው? አንተ እኮ ገና ሰባ አምስት ሳይሞላህ ወገቤን የምትል ሰው ነህ! ይኸው እናታችን ተገኘች። ከነስሟ፣ ከነማሳዋ። ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል?»

መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ እልልታ ሆነ። ሴቶቹ ነበሩ የጀመሩት። ቄስ ገብረመድኅን የቄሱንና የሚስቱን ስም ጠርተው አባታችን ሆይ አስደገሙ። እኔም ከእኅቴ ጎን ቆሜ ደገምኩ፤ እግዚአብሔር በስሕተት ውስጥ እንኳ ምን አስቀምጦ እንደሚያቆይ እያሰብኩ።

በዓሉ ሲበተን መምህር ሙላቴ በእትዬ ሠናይት መቃብር አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አቶ ዘውዱ ብሩሻቸውን ይዘው መጡ። ፊታቸው ገና አልተፈታም።

«እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«1650 ግድም በል።»

«ግድም የሚል ሰሌዳ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«እንግዲያው የሷን ስም ጻፍ።»

አቶ ዘውዱ ጥቂት አሰቡና፣ «ይሄ እንኳ ይሻላል። የማዶዎቹ ማርያም ባለ ምንጭ አይደለችም» ብለው ወደ መሰላሉ ሄዱ። ትንሽ ሄድ ብለው ዘወር አሉ። «ማታ እኔ ቤት ነህ። ሌላ ቤት እንዳትገባ።»

መምህር ሙላቴ እስኪርቁ አዩአቸው። ከዚያ ከረጢታቸውን ፈትተው ያንን በሲባጎ የታሰረ ወረቀት አወጡ። ከወረቀቱ ላይ አንድ እርሳስ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ዘረጉት።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው፣ ልጄ። የኔ ዓይን የወደደውን ነው የሚያነበው፤ ዛሬም አየሽው፣ ምንጩ ፊቴ ሳለ እማሆይ ናቸው ያዩት። ይህን ውሰጂና አራተኛ ጊዜ አንብቢው። የተጠራጠርሽውን፣ ያልገባሽን፣ 'ሰውየው ይህን ከየት አመጣው?' ያሰኘሽን ሁሉ አስምሪበት። ማተሚያ ቤቱ እስከ ገና ይታገሠኛል። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስታነቢ እንዳታከብሪኝ።»