ለአሪ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጣሂር ይመር አለቃውን ለመሰናበት ሽማግሌ ላከ ቢባል፣ ደሴ ላይ ማንም አይደነቅም ነበር። እርሱ ግን ሽማግሌ የላከው ሮተርዳም ላይ፣ ያውም ለሆላንዳዊ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የግንቦት ወር ነበር። ጣሂር በአገሩ የስፖርት አስተማሪ የነበረ፣ አርባን የተሻገረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሻርሎይስ በሚባል የሮተርዳም ሠፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቱ ከጀውሃራ ጋር ይኖራል። ቀን ቀን በአንድ ኮሌጅ የክፍሎቹን ቁልፍ ይይዛል፤ የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል፤ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ደግሞ የኮሌጁ ተማሪዎች እግር ኳስ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነው።

ረዳትነቱን ያገኘው እንዲህ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት የሜዳውን መብራት ሊያጠፋ ሲሄድ ልምምዱ አላለቀም ነበር። ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ኳስ ወደ እርሱ ወጣች፤ በደረቱ አብርዶ መለሳት። ዋናው አሰልጣኝ አሪ ትምባሆውን በጣቱ እየጠቀለለ አየውና፣ ሣሩ ላይ የተቆለሉትን የልምምድ ምልክቶች፣ እነዚያን ቀይና ቢጫ የፕላስቲክ ሾጣጣዎች፣ በአገጩ አመለከተው። «ደርድርልኝ» አለ። ሹመቱ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሾጣጣ የሚደረድረውም የሚሰበስበውም፣ ኳስ የሚነፋውም፣ የማን ጉልበት እንደሚያመው የሚያውቀውም ጣሂር ሆነ። አሪ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያራግፍ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ከአፉ የሚወጣው ትልቁ ምስጋና «ይሆናል» የሚል ነበር።

በዚያ ግንቦት ከዴን ሃግ፣ ዘ ሄግ ከምንላት ከተማ፣ ስልክ ተደወለ። ሙርዋይክ ሠፈር ያለ አንድ ትንሽ ክለብ ጣሂርን ለዋና አሰልጣኝነት ፈለገው። መልሱን እስከ ቅዳሜ ድረስ እንዲሰጥ ተነገረው።

«ዋና!» አለች ጀውሃራ። «ዋና አሰልጣኝ! ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

«አሪን ሳልሰናበት እንዴት ብዬ እፈርማለሁ?»

«ነገ ታገኘው የለ? ንገረዋ።»

«ስድስት ዓመት ከሥሩ ሆኜ፣ ፊቱ ቆሜ በገዛ አፌ ሄድኩልህ ልበለው? ነውር አይደለም? ሰው እልክበታለሁ።»

«እኔን ስትጠይቅ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም» አለችና ሳቀች።

ጣሂር ለእርሷም ያልነገራት ነገር ነበረው። በአገሩ ደንብ፣ አሰናብተኝ የተባለ ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል። «እንዴት ይሆናል፣ እርሱ ሄዶብኝ እኔ በማን እሠራለሁ?» ይላል። ከዚያ ስለ ሽማግሌዎቹ ሲል ይለቅና ይመርቃል። ጣሂር ያችን «እምቢ» ፈለጋት። አሪ አንዴ ቢላት ይበቃው ነበር። ከልቡ ካላት ደግሞ ሙርዋይክም ይቀራል፤ እዚያው ሾጣጣውን ሲደረድር ይኖራል።

የተመረጡት ሽማግሌዎች ሁለት ናቸው። አቶ ዓለማየሁ የጸሎት ቤት አገልጋይና በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ደች ቋንቋም የሚያውቁ ናቸው። ሐጂ መህዲ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሁለቱ በሃይማኖት ባይገናኙም፣ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ የሚሄዱት አብረው ነው። ኳስ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

«ለመሆኑ የረዳት አሰልጣኝ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ሐጂ መህዲ ጠየቁ።

«ዋናው ያዘዘውን ማድረግ ነው» አለ ጣሂር።

«እንግዲያው እኔ በቤቴ ሠላሳ ዓመት ረዳት አሰልጣኝ ነኝ።»

«እኔስ እርሱንም አላገኘሁ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነኝ» አሉ አቶ ዓለማየሁ።

ሐጂ መህዲ በካፖርታቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደረቡ፤ አቶ ዓለማየሁ ባርኔጣቸውን አደረጉ። አሪን እቤቱ ለማግኘት ይመቻል ብለው ልክ በራት ሰዓት፣ ቀጠሮም ሳይዙ ሄዱ። ጣሂር መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽምግልና ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ቶሎ አልጠበቃቸውም። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደረጃውን ሲወጡ ሰማቸው።

«ለቀቀህ» አሉ አቶ ዓለማየሁ ገና በሩ ሲከፈት።

«እንዲህ ቶሎ?»

ሐጂ መህዲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንደ ደንቡ ቆመን ተናገርን። ባልና ሚስቱ ተቀመጡ አሉን፣ ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም አልን። እርሱም፣ እንግዲህ፣ ለቀቀህ።»

«እምቢ አላለም?»

«ከፍቶታል፣ ከፍቶታል» አሉ ሐጂ መህዲ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

ጣሂር ወደ አቶ ዓለማየሁ ዞረ። «እርስዎ የእግዚአብሔርን ቤት የሚያገለግሉ ሰው ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ።»

አቶ ዓለማየሁ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «ደስ አለው፣ ልጄ። ሳቀ። ይሂድ፣ ይሂድ አለ። እጃችንን ጨብጦ እስከ በሩ ሸኘን።»

ጀውሃራ ሻይ ልታቀርብ ተነሣች። ጣሂር አንድ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ፤ ንዴት ወይም ኀዘን። አልመጣም። ለረጅም ጊዜ የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዝ ሁሉ፣ ከደረቱ በታች ያለው አካል የእርሱ አልመስልህ አለው። ሽማግሌዎቹን አመስግኖ፣ እስከ ሜትሮ ባቡሩ ድረስ ሸኝቶ ተመለሰ።

ቅዳሜ በባቡር ዴን ሃግ ሄዶ ፈረመ። የክለቡ ሊቀ መንበር ትከሻውን መታ መታ አድርጎ እቅፍ አበባ ሰጠው። ጣሂር አበባውን የሌላ ሰው ሕፃን እንደ ያዘ ሰው ራቅ አድርጎ እንደ ያዘው ሻርሎይስ ደረሰ።

«ማን ታሞ ነው?» አለች ጀውሃራ።

«እኔ ነኝ የተሾምኩት።»

የዓመቱ የመጨረሻ ልምምድ በተከታዩ ሐሙስ ነበር። ጣሂር ሾጣጣዎቹን ደረደረ፣ ኳስ ነፋ፣ የአንዱን ልጅ ቁርጭምጭሚት በፋሻ ጠቀለለ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ጨብጠውት ሄዱ። ሜዳው ላይ ሁለቱ ቀሩ።

«እነዚያ ሁለት ሰዎች ደኅና ናቸው?» አለ አሪ ትምባሆውን እየጠቀለለ።

«ደኅና ናቸው።»

«ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ የበሩ ደወል ሲጮኽ ትደነግጣለች።»

ጣሂር ቀና አለ። «ለምን?»

«ለምን ይለኛል! ራት ልንበላ ስንል ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ነጭ ልብስ ተከናንቦ፣ በራችን ላይ ቆሙ። ግቡ አልን፣ ገቡ። ተቀመጡ አልን፣ አይሆንም። የመጣነው ስለ ጣሂር ነው አሉና አንገታቸውን ደፉ።» ወረቀቱን በምላሱ አርጥቦ አጣበቀ። «በእኛ አገር እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው የሚይዘው ወሬ አንድ ነው። እነሱ ቆመው እኔ ቁጭ አልኩ።»

ጣሂር በእጁ የነበረውን ኳስ ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

«መቼ ሞተ? አልኳቸው። የለም፣ ዴን ሃግ ሊሄድ ነው አሉኝ።» አሪ ራሱን ነቀነቀ። «ዴን ሃግ! ሳቄ መጣ። ይሂድ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?»

ትምባሆውን ለኮሰ። «ያን ቀን ድንቹ ቀዘቀዘ። ማናችንም አልበላን» አለ።

ጣሂር ማድረግ የሚያውቀውን አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ሾጣጣ ይሰበስብ ጀመር። አሪም በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለና በሌላው ጫፍ መሰብሰብ ጀመረ። ቀዩን ከቢጫው ደባልቆ ቆለለው። ጣሂር አላረመውም። መጋዘኑን ቆለፉ፤ ጣሂር ቁልፉን ሰጠው፤ ተጨባበጡ።

ማታ ለጀውሃራ የሆነውን ሁሉ በአጭሩ ነገራት። ሳቋ መጣና ግማሹ ላይ ቆመ።

«ሳትፈርም በፊት ብትሰማው ኖሮ ትቀር ነበር?»

«እንጃ» አለ። ብዙ ካሰበ በኋላም እንጃ ነበር። ጫማውን ሊያወጣ ቦርሳውን ሲከፍት የኳስ መንፊያው እጁ ውስጥ ገባ። የኮሌጁ ነው፤ ሳይመልሰው ቀርቷል።

«ነገ ውሰድለት» አለች።

«ነገ ልምምድ የለም። ዓመቱ አለቀ።»

«እቤቱ አድርስለታ።»

«ማንን ልላክ?»

«ማንንም አትላክ። ራስህ ሂድ።» መንፊያውን ከእጁ ወስዳ በጋዜጣ ጠቀለለችና በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። «ተቀመጥ ሲሉህ ግን ተቀመጥ።»