የሚያስፈሩ ፊልሞቼ እና ያልጮህኩላቸው ጩኸት

የሚያስፈራ ፊልም እወዳለሁ። ይህን ስናገር ሰው ደግሞ ደጋግሞ ያየኛል። ድምፄ ቀጭን ነው። ከሰው ጋር ሳወራ ዓይኔ መሬት ላይ ነው። ሱቅ ስገባ የምፈልገውን ለመጠየቅ ሌላው ገዢ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለች ሴት የፍቅር ፊልም ትወዳለች ብለው ያስባሉ። እኔን የፍቅር ፊልም ያስተኛኛል።

የፊልሞቹን ትክክለኛ ስም አላውቅም። ደባርቅ የሚደርሱት ከጎንደር በአውቶቡስ፣ በነጭ ወረቀት ተጠቅልለው ነበር፤ ሽፋን የላቸውም። ስም የምናወጣላቸው እኛው ነን። ከሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ሦስቱ የዳቦ ቤቱ፣ የባቡሩ እና የሐይቁ ይባሉ ነበር።

የዳቦ ቤቱ ፊልም በረዶ በሚበዛበት አገር ዳቦ ጋግሮ የሚኖር ቤተሰብ ታሪክ ነው። ከምድጃው ጀርባ አንድ የተኛ ነገር አለ፤ እሳቱ ከጠፋ ይነቃል። አንድ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ለቅሶ ይሄዳል፣ ትንሿ ልጅ ብቻዋን እሳቱን እንድትጠብቅ ትቀራለች። እንጨቱ ያልቅባታል። ወንበሩን ትሰብራለች፣ ጠረጴዛውን ትሰብራለች፣ በመጨረሻ የቤቱን በር ነቅላ ትማግደዋለች። በር በሌለው ቤት ውስጥ ጀርባዋን ለበረዶው ሰጥታ እሳቱን ታራግባለች። እኔም ተራራው ላይ፣ አምባራስ መንደር፣ እናቴ ቤት ሳለሁ ብዙ እሳት ጠብቄአለሁ። ከምድጃው ጀርባ ምን እንዳለ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

የባቡሩን መጀመሪያ የወደድኩት ባቡር አይቼ ስለማላውቅ ነው። አንድ የጣቢያ ጠባቂ አለ። ምሽት ላይ ባቡሩ ይቆማል፣ ሁልጊዜ አንድ መንገደኛ ብቻ ይወርዳል፣ የመንገደኛው ፊት የጠባቂው የራሱ ፊት ነው። ጠባቂው "ጣቢያህ እዚህ አይደለም" እያለ መልሶ ያሳፍረዋል። ደም የለበትም፣ ጥርስ የለበትም። ፊልም የምናይበት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው "ይሄ ምኑ ያስፈራል?" ብሎ ወጣ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ መስታወት ስር ሳልፍ ፈጠን እል ነበር።

ሦስተኛው፣ የሐይቁ፣ ጣጣ ያመጣብኝ ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። የጭቃ ቤት ነው፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት። የሚያሳዩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ፀሐይዋ ውጭ ትቀራለች። ሴት አይገባበትም ነበር። እኔን ያስገባኝ ቆሎ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ ከአክስቴ ጋር ለመኖር ደባርቅ መጣሁ፤ እሷ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፣ እኔ ደግሞ ቆሎና የተቆላ ባቄላ እየዞርኩ እሸጣለሁ። ባለ ቪዲዮ ቤቱ "እዚህ ሽጪ" ብሎ ከበሩ አጠገብ አንድ በርጩማ ሰጠኝ። ተመልካቹ ፊልሙን ያያል፣ እኔ ከበስተጀርባቸው ሆኜ አያለሁ። ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ለኔ ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ አልነበረም።

ባለ ቪዲዮ ቤቱ ቀጭን ዘንግ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ፊልሙን ያስረዳል። እንግሊዝኛ አያውቅም። ግን መልስ አጥቶ አያውቅም።

"ምን አላት?" ይለዋል አንዱ።

"ተጠንቀቂ አላት።"

"ይህን ሁሉ አውርቶ ተጠንቀቂ ብቻ?"

"አጥብቆ ነዋ ያላት።"

ከተመልካቹ ብዙዎቹ በቅሎ ነጂዎች ነበሩ። የቱሪስት ዕቃ ጭነው ተራራ የሚወጡ፣ ሜዳ ላይ ጅብ እየዞራቸው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። የሚያስፈራው ቦታ ሲደርስ ግን ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ይስባሉ።

"አለፈ?" ይላል አንዱ ከጋቢው ውስጥ።

"አላለፈም።"

"ሲያልፍ ንገረኝ።"

ከዚያ ሁሉም አብረው ይጮሃሉ፣ ጮኸው ይሳሳቃሉ። እኔ አልጮህም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ስፈራ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ድምፅ ግን አይወጣኝም። ስደሰትም እንደዚያው ነኝ።

የሐይቁ ፊልም እንዲህ ነው። ዝናብ ይጠፋል፣ አንድ ትልቅ ሐይቅ እየጎደለ ይሄዳል፣ ከሥሩ ድሮ ውሃ የዋጣት መንደር ብቅ ትላለች። ጣሪያዋ፣ ከዚያ ግድግዳዋ፣ ከዚያ መንገዷ። ከመንገዱ ላይ ልብሳቸው የረጠበ ሰዎች ይመጣሉ። ወደ አዲሱ መንደር ይሄዱና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በር ላይ ይቆማሉ። አያንኳኩም። ዝም ብለው ይቆማሉ። በቤት ውስጥ ያሉት ቁም ሳጥን እየገፉ በሩን ይደግፋሉ። ከሁሉም መሃል አንዲት አሮጊት ብቻ ተነሥታ ወደ በሯ ትሄዳለች። ከበሩ ማዶ ከቆመችው ሴት ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። አሮጊቷ እጇን መቀርቀሪያው ላይ ታደርጋለች።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አንዱ በሩን ሲከፍት ብርሃን ገባ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ፤ ሳላውቀው አንድ እፍኝ ቆሎ አፌ ውስጥ ነበር።

"እዩዋት እስቲ" አለ አንድ በቅሎ ነጂ። "እኛ ነፍሳችን ሊወጣ ነው፣ እሷ ትቆረጥማለች።"

"ምን ትፈራለች፣ ዘመዶቿ ናቸው" አለ ሌላው።

ሳቁ። ባለ ቪዲዮ ቤቱ "ነገ ከዚሁ እቀጥላለሁ፣ ኑ" ብሎ በተነን።

ቀልድ ነበር። በማግስቱ ግን የገበያ ቀን ነው፣ ወሬው በርበሬ ተራ ሲደርስ ቀልዱ በመንገድ ላይ ረግፎ ነበር። አክስቴ ዘንድ የደረሰው፣ የሰይጣን ፊልም ሲታይ ሰው ሁሉ ሲጮህ ያቺ ልጅ ብቻ አትጮህም የሚለው ነው። አክስቴ ሸጣ ሳትጨርስ ዕቃዋን አንስታ መጣች።

"አትፈሪም አሉ?" አለችኝ።

"እፈራለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትጮሂም?"

ዝም ማለቴን መልስ አደረገችው። በዚያው ከሰዓት ሌሎቹ የሐይቁን መጨረሻ ሊያዩ ሲገቡ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከአክስቴ ጋር ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ወደ ጠበል ወረድኩ።

ጠበሉ ከገደል ሥር የሚወጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ያለው ሣር አመዳይ ይለብሳል። ተጠማቂው ተራ ይይዛል፣ አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ይጸልያሉ፣ ውሃው ይፈስሳል፣ በሽተኛው ላይ ያለው እርኩስ መንፈስ ይጮሃል። ማን እንደሆነና በምን እንደገባ ይጠየቃል። ከተናገረ በኋላ ሰውየው ይለቀቃል። እዚያ ያሉት በሙሉ አስመሳይ ነበሩ አልልም። ጮኸው እፎይ ያሉ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለራሴ ብቻ ነው የምናገረው።

የመጀመሪያው ቀን ውሃው ሲፈስብኝ ዝም አልኩ። በሁለተኛውም ዝም አልኩ። ያልጮኸ ሰው ይደጋገምበታል። አጠገቤ የምታድር፣ ከዳባት የመጣች ሴት አዘነችልኝ።

"ጩሂላቸው እንጂ እቱ" አለችኝ በጆሮዬ። "የጮኸ ጋቢ ይደረብለታል፣ እሳት ዳር ይወስዱታል። አንቺ እኮ ደርቀሽ ልትቀሪ ነው።"

"ውሸቴን?"

"ብርዱ ውሸት ነው?"

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። ጩኸት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እዚያ ቦታ አልነበረም። ከፍ ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ የሚሰበር አለ። ሳይታሰብ የሚያመልጥ አጭር አለ። አፍ ተከፍቶ ድምፁ ዘግይቶ የሚመጣ አለ፤ የዳቦ ቤቱ ልጅ በሩን ስትነቅል የጮኸችው እሱን ነው። አንዱን መርጬ ብለቀው ጋቢው የኔ ነው።

ግን ከጩኸቱ በኋላ ጥያቄ አለ። በምን ገባህ ይባላል። መልሱን አክስቴ አስቀድማ ታውቀዋለች፦ በፊልም። ያንን ቃል በኔ አፍ ሌላ ከተናገረው፣ በርጩማዬን አጣለሁ፣ የአሮጊቷ በር ሲከፈት ሳላይ እቀራለሁ። ከዚያም የባሰ አለ። ፊልም የወደድኩት እኔ አይደለሁም ማለት ይሆናል። በሕይወቴ ራሴ መርጬ የወደድኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር፣ እሱንም ለጋኔን ልሰጠው አልፈለግሁም።

ጠዋት ተራዬ ደረሰ። ውሃው ሲወርድብኝ ትንፋሼ ተቆረጠ።

"ማነህ አንተ?" አሉ አባ። "ተናገር።"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። አክስቴ አማተበች።

"አንተ ማን?"

"እኔ ነኝ አባ። ሌላ ሰው የለም።"

"ሲደበቅ ነው አባ፣ አይልቀቁት" አለች አክስቴ።

"አይደለም እትዬ።" ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ቃሉን እየቆራረጥኩ ነበር የማወጣው። "የሚያስፈራ ፊልም እወዳለሁ። ስለማልፈራ አይደለም፤ ስለምፈራ ነው። ጩኸት ግን አይወጣኝም። ብትፈልጉ እስከ ማታ አፍስሱብኝ፣ አልጮህም።"

ያን ያህል ሰው ፊት ያን ያህል ቃል ተናግሬ አላውቅም። አባ ውሃ የሚያፈሱበትን ማሰሮ ዝቅ አደረጉት።

"ምንድን ነው እዚያ የሚያሳዩት?" አሉ።

ነገርኳቸው። ሐይቁ ሲጎድል፣ ጣሪያው ብቅ ሲል፣ የረጠቡት ሰዎች በር ላይ ሲቆሙ። እኔ ራሴ ረጥቤ ቆሜ ስለነበር መሰለኝ ማንም አላቋረጠኝም። ተራ የያዙት ቀረብ ቀረብ አሉ። እሳት ዳር ያሉትም ጋቢያቸውን ይዘው መጡ።

"አሮጊቷ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች" አልኩ።

"ከፈተች?" አለች የዳባቷ ሴት።

"መብራት ጠፋ።"

"ኤዲያ" አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። "ለዚህ ነው እንዴ እዚህ ያቆምሽን?"

አባ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ። ሲመለሱ ፊታቸው እንደቀድሞው ነበር። አክስቴን "ይህችን ልጅ ብርድ ይዟታል፤ ሌላ የያዛት ነገር አላየሁም። ጋቢ ደርቢላት" አሏት። ለኔ ደግሞ "ጸሎትሽን እንዳትተዪ" አሉኝ። እሱንማ መቼ ትቼው።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ አክስቴ አልተረታችም።

"ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትሄጂም" አለች።

"እሄዳለሁ እትዬ።"

ቆመች። "ማነው እንዲህ የሚያናግርሽ?"

"እኔው ነኝ አልኩ እኮ።"

በዚያው ከሰዓት ሄድኩ። ፀጉሬ ገና አልደረቀም። በቅሎ ነጂዎቹ በር ላይ ነበሩ።

"ዳንሽ?" አለኝ ያ ቀልደኛው።

"አልታመምኩም።"

"እኛ ጨርሰነዋል። መጨረሻውን ልንገርሽ?"

"አፍህን ዝጋ" አልኩት። በራሴ ደነገጥኩ። እሱ ግን ሳቀና መንገድ ለቀቀልኝ።

በርጩማዬ ከበሩ አጠገብ እንደነበረ ነው። አልፌው ሄድኩና የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ "ቆሎ ከኋላ ነው" አለ። "ዛሬ ቆሎ አልያዝኩም" አልኩ። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ወደ ጎንደር ሊመልሰው ጠቅልሎት የነበረውን ሲዲ ፈታና መብራት ከጠፋበት ቦታ ጀመረልኝ።

አሮጊቷ በሩን ከፈተች። የረጠበችው ሴት ገባች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች። በቃ። በየቤቱ እንደዚያው ሆነ። የረጠቡት ተቀመጡ፣ ባለቤቶቹ በገዛ ቤታቸው መሃል የት እንደሚቀመጡ ሳያውቁ ቆመው ቀሩ። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ዘንጉን ዝቅ አደረገ፤ የሚያስረዳው አልነበረውም። እጄ እንደ ጠበሉ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር። አልጮህኩም። ከዚያ በኋላ በስልክም በሜሞሪም ብዙ ፊልም አይቻለሁ፣ እስካሁን የሚበልጠው አላገኘሁም።

ስወጣ አክስቴ መንገዱ ላይ ቆማለች። በፕላስቲክ ጠርሙስ ከጠበሉ ይዛ መጥታለች። በቅሎ ነጂዎቹ እያዩ፣ መናኸሪያው ሁሉ እያየ፣ ከራሴ ጀምራ ረጨችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እስክትጨርስ ቆምኩ።

"ጨረስሽ እትዬ?"

"ጨረስኩ።"

"ነገም ፊልም አለ" አልኳት።

የጠርሙሱን ክዳን አጥብቃ ዘጋች።

"ውሃውም አላለቀም" አለች።

ጎን ለጎን ሆነን ወደ ቤት ሄድን።