የሲሬው ሬዲዮና የእኔ ኮምፒዩተር

ነቀምቴ ውስጥ የሚሞት ሰው ሁሉ ደግ ነው። ስንት ዓመት በዚህ ከተማ ቀብር ቆሜያለሁ፤ ክፉ ሰው ሲቀበር አጋጥሞኝ አያውቅም። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ሁሉ «ለተቸገረ ደራሽ፣ ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድ» ነው። የሚቀየረው ስሙና የልጆቹ ቁጥር ብቻ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር ይህን ጽሑፍ አንዴ ጽፎ በኮት ኪሱ ይዞት የሚዞር ይመስለኛል። መጻፍ ስለምችል ሰፈርተኛው ሥራውን ሊያሸክመኝ ብዙ ጊዜ ሞክሯል። ሁልጊዜ እምቢ እላለሁ። እሺ ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እሺ ያሰኙኝ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ አጥር የምንጋራቸው ጡረተኛ መምህር ነበሩ። አንድ ጠዋት መጡና፣ «እኔ ስሞት ያንን ደግ ሰውዬ እንዳታስነብቡብኝ፤ አላውቀውም» አሉኝ። የራሳቸውን ታሪክ ራሳቸው ሊነግሩኝ፣ እኔ ደግሞ ኮምፒዩተሬ ላይ ልጽፈው ተስማማን። ሁለት ጠዋት ስለ ልጅነታቸውና ስለ ትምህርት ቤት ነገሩኝ። በሦስተኛው ቀን ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ሲሬ ከተማ አስተምር በነበርኩበት ጊዜ የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ጠፋ ተባለ» አሉ። «አልጠፋም። ክረምት ሲገባ ቤቴ ወስጄው፣ ከመደርደሪያ ወድቆ ተሰበረ። ዘበኛው ሌባ ተብሎ ሲባረር ዝም አልኩ። ሬዲዮውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«ሰውዬው በሕይወት አለ?»

«ሲሬ አለ። እስከ ዛሬ ‹ሬዲዮ› እያሉ ነው የሚጠሩት።»

«ታዲያ ለምን ሄደው አይነግሩትም?»

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» አሉ። «ሦስቱንም ጊዜ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።»

በሆዴ ፈሪ አልኳቸው፤ አሁንም ቃሌን አላነሳም። የፈለጉት ግን ግልጽ ነበር። ሲሞቱ ሰውዬው ቀብራቸው ላይ እንዲጠራና ይህ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ጽሑፉ ከእኔ ኮምፒዩተር እንዳይወጣ አስማሉኝ። ቅጂ የለም፣ ፍላሽ የለም፣ ህትመት የለም። «ወረቀት እግር አለው» አሉ።

ኮምፒዩተሬ አሮጌ ነው፤ ግን ጠባየኛ ነበር። ቁልፉን ተጭኜ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን «አዲሱ ሲስተም ተዘጋጅቶልዎታል» ማለት ጀመረ። እኔ አላዘዝኩም። ለወራት «ቆይ» እያልኩ ገፋሁት። እሱም በየጠዋቱ እየመጣ፣ እንደ ደላላ በደጄ ቆመ። በመጨረሻ ኮምፒዩተር የምትጠግነውን ሴትዮ ጠየቅኋት።

«አሮጌው ከአሁን በኋላ ጠባቂ የለውም» አለችኝ። «ቫይረስ ገብቶ ፋይልዎን ቢበላውስ?»

ያሸነፈችኝ በዚህ ነው። የመምህሩ አደራ እንዳይበላ ብዬ ሲስተሙን አስቀየርኩ። በማግስቱ ቁልፉን ተጫንኩ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ቁርሴን በላሁ፣ አትክልት አጠጣሁ። ስመለስ ጥቁሩ መስታወት ላይ ትናንሽ ነጠብጣቦች እርስ በርሳቸው እየተሳደዱ ይዞራሉ። ሴትዮዋ ጋ ሄጄ አማረርኩ።

«ዲስኩ የድሮ ነው፤ አዲሱ ሲስተም ይከብደዋል። ይለመዳል» አለች።

«ማን ነው የሚለምደው? እሱ ወይስ እኔ?»

ሳቀች። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በዚህ አገር የሚለምደው ሁልጊዜ ተገልጋዩ ነው። የትም ቢሮ ብትሄድ «ሲስተም የለም» ተብለህ ትመለሳለህ። ሲስተም ማለት ምን እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም፤ አለመኖሩን ብቻ ነው የሚያውቁት። እኔ ደግሞ በራሴ ፈቃድ ያንን ደዌ ቤቴ ድረስ አስገባሁት። ይሠራ የነበረው ሲዘገይ ነገሩ «ማሻሻያ» ይባላል። በቅሎ ሸጦ ኤሊ የገዛ ሰው ቢያንስ ኤሊዋን «የተሻሻለች በቅሎ ናት» አይልም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህሩ ሌሊቱን አርፈው አደሩ። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ሆነ። ጠዋት ድንኳን ስንተክል፣ ዘመድና የሲሬውን ዘበኛ ስንጠራ መብራት አልነበረም። ስድስት ሰዓት ላይ ሲመጣ ሮጬ ቤት ገባሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ነጠብጣቦቹ መዞር ጀመሩ። ከዚያ «ማሻሻያዎችን እያጠናቀቅን ነው፤ አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩ ቁጥር። ስምንት በመቶ። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ።

ስልኬ ጮኸ፤ የመምህሩ ባለቤት ናቸው።

«ኢልማ ኮ፣ ሰውዬው ከሲሬ መጥቷል» አሉኝ። ሁሌም ልጄ እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ፀጉሬ መሸበቱን አይቆጥሩትም። «ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ወረቀቱስ?»

«እየተነሳ ነው፣ እትዬ።»

«ማን ነው የሚነሳው?»

ምን ልበላቸው? ባላቸው ድንኳን ውስጥ ተኝተው ስለ ኮምፒዩተር አነሳስ ላስረዳቸው? «መጣሁ» አልኩና ዘጋሁ። ቁጥሩ ሰባ ሁለት ሲደርስ መብራት ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ከነጠብጣቦቹ ጀመረ። በቡጢ ጠረጴዛውን መታሁት። የገዛሁት እኔ፣ የተከልኩት እኔ፣ የማስከፈት መብት የሌለኝም እኔ። በገዛ ቤቴ ባለጉዳይ ሆኜ ደጅ እጠናለሁ! መዝሙሩ ከድንኳኑ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እንደዞረ ትቼው ወጣሁ።

መቃብሩ ዳር ሊቀመንበሩ ጠበቀኝ።

«ደራሲው! የታለ ጽሑፍህ?»

«ኮምፒዩተሩ አልከፈት አለኝ።»

«የእኔ ወረቀት መብራት አይፈልግም» አለና ከኮት ኪሱ አወጣት። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። «ለተቸገረ ደራሽ፣ ሰው አክባሪ…»

«ቱሪ!» አሉ ባለቤታቸው። ቆይ ማለታቸው ነው፤ ሊቀመንበሩ አፉን እንደከፈተ ቀረ። «ይሄን ሰውዬ እኔ አላገባሁትም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ኢልማ ኮ፣ የነገረህን ንገራቸው። ዱጋውን። እውነቱን።»

ያለ ወረቀት በሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም። የጻፍኩትን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አንድም መስመር አልመጣልኝም። የመጣልኝ ወንበራቸውን አስጠግተው ያወሩት ነው። ያንኑ ተናገርኩ። ፓስተሩ እንደ ልማዱ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሱልኛል። «‹ሬዲዮውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ዘበኛው ሲባረር ዝም አልኩ› አሉኝ» ስል ፓስተሩ ቆም ብለው አዩኝ። ቀጥል የሚል ምልክት ከባለቤታቸው ሲያዩ መለሱት። ከሰው ኋላ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ትንሽ ይዘውት ቆሙና መልሰው አደረጉት።

ድንኳን ስንመለስ ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ያልከውን ወረቀት ላይ አድርግልኝ» አሉኝ። «ማኅተም ያለበት።»

«ሰው ሁሉ ሰማ እኮ፣ አባቴ።»

«ሲሬ እዚህ አልነበረችም።»

«ነገ አትሜ እልክልዎታለሁ።»

«አንተም ነገ ትላለህ?» አሉ። «መኪናዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል።»

ወደ ቤት ሄድኩ። ኮምፒዩተሩ ተነስቷል፤ መስታወቱ በርቶ፣ «ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው» እያለ ይስቅብኛል። ፋይሉን ከፈትኩና የሲሬው ገጽ ላይ ደረስኩ። እንዲህ ይላል፦ «በወቅቱ በተፈጠረው ክፍተት በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ላይ ለደረሰው እንግልት የበኩሌን ድርሻ ማበርከቴ ሲጸጽተኝ ኖሯል።»

ሬዲዮ የለም። ዘበኛ የለም። ሲሬም የለችም። መምህሩ እንዲህ አላሉም፤ እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ። አሳምራለሁ ብዬ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ኑዛዜያቸውን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አድርጌዋለሁ። የሊቀመንበሩን ወረቀት እየናቅኩ የኖርኩ ሰው ከእሱ የባሰ ጽፌያለሁ፤ የእሱ ቢያንስ ማንንም አይሸፍንም። ማሽኑ በሰዓቱ ተነስቶ ቢሆን መቃብር ዳር የማነበው ይህንን ነበር። ሽማግሌውም ስለማን እንደተነበበ ሳያውቁ፣ ሬዲዮ እንደተባሉ ሲሬ ይመለሱ ነበር።

ለመዘግየቱ ላመሰግነው የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ግን ይጠብቅ። ሰክሮ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው፣ አውቶቡሱ ገደል ስለገባ ነቢይ አይሆንም። ሶኬቱን ነቀልኩት።

በእስክሪብቶ፣ በደብተር ወረቀት ላይ አምስት መስመር ጻፍኩ። ሬዲዮውን ማን እንደሰበረው፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ሌባ እንዳልሆነ። ባለቤታቸውና ፓስተሩ ፈረሙበት። ሊቀመንበሩ አነበበና፣ «እድር ለተሰበረ ሬዲዮ ማኅተም መትቶ ያውቃል?» አለ። ባለቤታቸው ወረቀቱን ከእጁ ወስደው ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉለት። ማኅተሙን ከቦርሳው አውጥቶ በትንፋሹ አሞቀና መታው።

ሽማግሌውን በባጃጅ መናኸሪያ አደረስኳቸው። የሲሬው ሚኒባስ ሞልቶ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶታል። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ።

«ሬዲዮ! ግባ እንጂ፣ ልንሄድ ነው!»

ሽማግሌው አልገቡም። ወደ ሹፌሩ መስኮት ዞሩ፣ ወረቀቱን ከውስጥ ኪሳቸው አወጡና ዘረጉለት።

«መጀመሪያ ይሄን አንብብ» አሉት። «ጮክ ብለህ።»